ዓመታዊ ሪፖርት

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤
ሲመጣ አያንኳኳም፣ ሲሄድም አይነግርም።
ከምህንድስናው ፎቅ፣ ከመስተዋቱ ኋላ
አንዲት የእንጨት ቤት አለች፣ ጣሪያዋ የላላ፣
«የሥነ ሰብእና የኪነ ጥበባት
ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባት።
ሦስት ባልዲ አለን ለሦስቱ ቀዳዳ፤
አራተኛው ሲከፈት፣ ድስት ከካፌው ጓዳ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ስሜ ኤርሜሊንዳ፤
ሒሳብ ሲዘጋ ዓመት፣ ሪፖርቱ የኔ ዕዳ።

ዘንድሮም ከዋናው ቢሮ ሴኞር ባራዎና
መጣ፤ ካፖርቱን በር ላይ አራገፈና
ቅጹን ዘረጋልኝ። አሥራ አራት ሣጥን አለው፤
አሥራ ሦስቱን ሞላሁ። የቀረው የሚለው፦
«ማዕከሉ ለሕዝብ ያስገኘው ጥቅም፤
በቁጥር ይገለጽ፣ ከሦስት መስመር አይረዝም።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ባልዲውን ተሻግሮ
ወንበር ስቦ አለኝ፣ ድምፁን አሳጥሮ፦
«አንድ ነገር ስጪኝ፣ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፤
ላይ ቤት ሲጠይቁኝ ራሴን ሳላክ እንድመልስ።»

ስለዚህ ድልድዩን ጻፍኩለት።

ኢንጂነር ኦያርሱን ዐምና ሰኔ፣ በማታ
መጣች ጭቃ ለብሳ፣ ካርታዋን አንግታ።
«ይህ ሜዳ ደረቅ ነው፣ ቁጥሩ ይመሰክራል፤
የድልድዩ አንዱ እግር እዚሁ ይቆማል።
ግን ሠራተኞቹ በስም ሲጠሩት
ዞር ብለው ያማትባሉ፤ ምን ይሆን የፈሩት?»

ከምድጃችን ጥግ ሐሙስ የማይታጣ
ዶን ሩዴሲንዶ አለ፣ ትከሻው በመቅዘፊያ ወደ አንድ ጎን የወጣ፤
በማፑቼ ቋንቋ ተረቱን ሲያወራ
ሬይናልዳ ትቀዳለች፣ ክር እየቀየረች በየተራ።
ስሙን ሰማና ሳቀ፤ ጥርስ የለው፣ ድድ ብቻ።
«ይሄማ ‹ውኃ ልብሱን ረስቶ የሚመለስበት ዳርቻ›
ማለት ነው» አለና እጁን አሞቀ፤
የኦያርሱን እርሳስ ካርታው ላይ ደረቀ።

ድልድዩ ፈቀቅ አለ፣ መቶ ሰባ ሜትር።
በነሐሴው ጎርፍ ያ ሜዳ ሆነ ባሕር።

ይኸው ጥቅም በቁጥር፣ አንድ መቶ ሰባ!
ባራዎና በደስታ ባልዲ ውስጥ ሊገባ
ምንም አልቀረውም። «ነገ ላኪው» አለ፣
«ጣሪያሽ ተከደነ ማለት ነው» እያለ።

እኔ ግን ማታውን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
የጻፍኩት እውነት ነው፤ ታዲያ ምን አሳፈረኝ?
ያን ለት ሽማግሌው ጉንፋን ይዞት ቢቀር፣
ውኃው ልብሱን ባይረሳ፣ ሜዳው ሜዳ ቢያድር፣
በራችን ይዘጋ ነበር?

ያን ዕለት፣ እዚያው ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ
ሁለት ሰው ይሟገታል፣ ፊሎሜናና ሊሳርዶ፣
ባንዲት ነጠላ ሰረዝ። የጥንት መነኩሴ
አኑሯት ይሁን ዝንብ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ
አልታወቀም። ዛሬም።
ከዚህ ሙግት ድልድይ አንድም አልበቀለም፤
ከጎርፍ ያዳነው ዶሮ እንኳን የለም።
እኔ ግን ሻይ ይዤ ስገባ ቀን በቀን፣
ለማያመሰግናቸው ለአንድ ሙት ምስኪን
ያላለውን እንዳይሉት ሲጨነቁ ሳይ፣
በስንት ቁጥር ልጻፈው? በየትኛው ሣጥን ላይ?

በማግሥቱ ቅጹን ሳልልከው ከፈትኩት፤
ከድልድዩ በታች በእርሳስ ጨመርኩበት፦
«ነጠላ ሰረዝ፣ አንድ።
የመነኩሴ ትሁን የዝንብ ገና አልተለየም።»
አራተኛ መስመር ሆነ። ይሁን፣ አላጠፋሁም።

ከሰዓት ደወለ። ስለ መስመሩ አልተቆጣኝም፤
ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ጥቂት ዝም።
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«የሰረዟ» አለኝ፣ «ፎቶ አለሽ ወይ?»